ከሥሩ የሚቀመጥ ይጫነው

ጋሼ ሸዋንግዛው ማረፋቸውን የሰማሁት ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ቆይተው አንደኛው ድንገት፣ «ያ ጣሪያ የጣለው አናጢ ሞተ አሉ» አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠና፣ «ነፍስ ይማር። ለነገሩ እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ማን ሥራ ሰጠው?» አለ። ከዚያ ወደ ዝናቡ ተመለሱ።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ጣሪያውን የጣልኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። መንገዱ ረጅም፣ ሰዎቹ ጨዋ፣ አፌም ጤነኛ ነው። ምን አደረግኩ? መስኮቱን ከፈት አድርጌ ውጭ ውጭውን አየሁ። አንደኛው ዞር ብሎ ወንድም፣ ብርድ አስገባህብን ሲለኝ ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁት። ለብርዱ ይቅርታ ጠየቅኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የእኔን ዝምታ አላየም።

እንግዲህ ልናገር ብዬ ተቀምጫለሁ። ግን በመጀመሪያ ሰውየውን እወቋቸው፤ ጣሪያ በመጣል ብቻ እንድታውቋቸው አልፈልግም።

ጋሼ ሸዋንግዛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ፊት ዘንበል ያሉ ሰው ነበሩ። ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ አንዲት አጭር እርሳስ አለች። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ እንጂ እርሳሷን አይነኩም። ማንም ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ከዳር እስከ ዳር አይተው ሲጨርሱ ነው «እንዴት ዋላችሁ» የሚመጣው። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተው ሙሽሮቹን ሳያዩ ዳሱን አዩና፣ ያ መሐለኛው አግዳሚ ካልተደገፈ አልቀመጥም ብለው አስቸገሩ። ሚዜዎቹ እየሳቁ ባላ አምጥተው ደገፉላቸው። የደብሩ ቄስ፣ ሸዋንግዛው ሰማይንም ምሰሶ የለውም ብሎ ይጠራጠራል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም የሰማዩን አናጢ አምነዋለሁ፣ የምድሩን ግን አውቀዋለሁ ይሉ ነበር።

ዳዊት እስኪደግሙ ተምረው ነው ያቆሙት። አባታቸው በጓሳ ሣር ቤት ይከድኑ ነበር። ጓሳ ሲደርቅ ላባ ነው፤ ክረምት ጠጥቶ ሲያድር ግን ወራጁን ያጎብጠዋል። አባቴ ያወረሰኝ አንድ ቃል ነው ይሉ ነበር፤ ቤት በበጋ አይለካም።

ያኔ እኔ መሐል ሜዳ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ አስተምር ነበር። ጎን ለጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ እንጨት ጣሪያ ነው። ጣሪያ የሚሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘን ማዕቀፍ፣ ግንበኞች ትራስ የሚሉት፣ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ከታች አንድ አግዳሚ፣ ከላይ ተደጋግፈው የሚወርዱ ሁለት ወራጆች፣ መሐሉን ደግሞ ቋሚና ሰያፍ እንጨቶች ይይዙታል። ጭነት ሲያርፍበት ግን አንዱ እንጨት ይሳባል፣ ሌላው ይጨመቃል፤ ከውጭ ላየው ሁሉም ዝም ብሎ ቆሟል። የእኔ ሥራ ዝም ያለውን ማናገር ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተዋስኩት ሣጥን አለኝ፤ በቀጭን ሽቦ ከሣጥኑ ጋር የሚያያዙ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ መለኪያዎችም አሉኝ። መለኪያው በሙጫ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል፤ እንጨቱ የጸጉር ያህል ሲሳብ አብሮ ይሳባል፣ ሲጨመቅም አብሮ ይጨመቃል፤ ሣጥኑ ያንን በቁጥር ይናገራል።

ከከተማው ወጣ ብላ ያለች አንዲት ደብር አዳራሽ ታሠራ ነበርና ኮሚቴው በባለሙያነት ጠራኝ። አናጢው ጋሼ ሸዋንግዛው ነበሩ። ስድስት ትራስ ይሠራሉ። እውነተኛ ጣሪያ፣ እውነተኛ ጭነት አገኘሁ ብዬ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመጀመሪያውን ቀን መለኪያዎቼን ስለጥፍ ከኋላዬ ቆመው ብዙ አዩኝና፣ ቴምብር ለጠፍክበት፣ ለማን ልትልከው ነው? አሉኝ። ከዚያ ወዲያ መለኪያዎቹ ቴምብር፣ እኔ ደግሞ «ኢንጂነሬ» ሆነን ቀረን።

የእሳቸው መለኪያ አንድ ሲባጎ ነው። አንድም ትራስ መሬት ላይ ሳይፈተን ግድግዳ አይወጣም። ሁለት የድንጋይ ካብ ይክባሉ፤ ትራሱን በካቦቹ ላይ ያቆሙትና እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ በባላ ይይዙታል። ከዚያ ከአግዳሚው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው፣ ከካብ እስከ ካብ ሲባጎ ይወጥራሉ። ሲባጎው ላይ ጭነት የለምና ከቦታው አይነቃነቅም። አግዳሚው ሲወርድ በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ እሱን በጣታቸው ይለካሉ።

ጭነቱ ደግሞ የሰበካው ሰው ነው የሚያመጣው። «ከሥሩ የሚቀመጥ ይጫነው» ይላሉ። ድንጋይ ሞልቶ ሳለ ድንጋይ አይሰቅሉም። እያንዳንዱ ቤት ከጎተራው አንድ ጆንያ ገብስ ተሸክሞ ይመጣል፤ እሳቸው እንጨቶቹ በሚገናኙበት ቦታ፣ ጉልበት በሚሉት ላይ፣ በገመድ እየለኩ ያንጠለጥሉታል። ሰው የራሱን እህል ሲያንጠለጥል ጣሪያውን ከልቡ ያየዋል ይሉ ነበር። ፈተናው ሲያልቅ ሁሉም ጆንያውን ፈትቶ ይወስዳል፤ ያ እህል አይፈጭም፣ ለዘር ይቀመጣል። እማማ ብርቄ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ግማሽ ጆንያ ባቄላ ይዘው መጥተው አፍረው ወደ ዳር ቆመው ነበር። ጋሼ ጠሯቸውና ባቄላቸውን ጫፉ ላይ፣ ሁለቱ ወራጆች በሚገናኙበት ሰቀሉት። እማማ ብርቄ ያን ቀን ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ባቄላዬን አየ እያሉ ሲስቁ ዋሉ።

ጭነቱ ሦስት ቀን ያድራል። ጋሼ በየጠዋቱ ጣታቸውን በሲባጎውና በአግዳሚው መሐል ይከቱና ወደ እኔ ዞረው «ቆመ?» ይላሉ። እኔ ሣጥኔን አይቼ እመልሳለሁ። መውረዱ አያሰጋኝም፣ የተጫነ ሁሉ ይወርዳል፤ የሚያሰጋኝ አለማቆሙ ነው ይሉ ነበር። መጽሐፉ በሃያ ገጽ የሚለውን ነገር በአንድ ቃል ጨረሱት። በመጨረሻ እርሳሷን ከጆሯቸው አውርደው የታየውን አግዳሚው ጎን ላይ ይጽፋሉ። አጠገባቸው የነበረ ሰው ደግሞ ምስክር ሆኖ ስሙን ያሰፍራል። ወረቀት ይቀደዳል፣ እንጨት ግን ምስክሩን ይዞ ይኖራል ብለው ያምናሉ።

ሦስቱ ትራሶች በደንብ አለፉ። ሲባጎው የቆመ ቀን ሣጥኑም ይቆማል። እንደ ሕፃን ነበር የምደሰተው፤ እሳቸውም ቴምብርህ ሃይማኖት አለው ይሉኝ ጀመር።

አራተኛው ላይ ደረቅ እንጨት አለቀ። ኮሚቴው ቸኩሎ ያስመጣው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ጋሼ አልወደዱትም፤ ለአንድ ሰያፍ ብቻ አስገቡትና እስኪ ይጫንና ይናገር አሉ።

በሦስተኛው ጠዋት ውርጩ ሜዳውን አንጥቶታል። ጋሼ ጣታቸውን ከተቱ። ከትናንት ግማሽ ጣት ወርዷል። እኔ ሣጥኑን ከፈትኩ። የዚያ የእርጥቡ ሰያፍ ቁጥር ከትናንት ጨምሯል፤ የትናንቱም ከትናንት ወዲያ ከነበረው ጨምሮ ነበር።

ብርድ ቁጥር ያዛባል፤ ይህ እውነት ነው። ለዚህ ብዬ ምንም ጭነት የሌለበት ቁራጭ እንጨት ላይ አንድ መለኪያ ለጥፌ አጠገቡ አስቀምጬ ነበር። ለውጡ ከብርዱ ከሆነ ያቺም መለወጥ አለባት። አየኋት። ንቅንቅ አላለችም። ይህን በዚያ ጠዋት ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው የለም።

ለምን አልተናገርኩም? ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን ሳምንት አይሞላውም። ሰያፉ ይቀየር ከተባለ ደረቅ እንጨት ፍለጋ መውጣት፣ እንደገና መግጠም፣ እንደገና ሦስት ቀን ማሳደር ሊመጣ ነው። አዳራሹም ለንግሥ በዓሉ ይደርሳል ተብሎ እንግዳ ተጠርቷል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ተፈራ ከኋላችን ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ምክንያቶቼ እነዚህ ናቸው። አሁን ስጽፋቸው እንኳ ምን ያህል ትንንሽ እንደሆኑ ያሳፍረኛል።

«ቆመ?» አሉኝ ጋሼ።

«ከብርዱ ነው ጋሼ። ቁጥሩ በብርድ ይዋዥቃል። ችግር የለውም።»

ሣጥኑን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እኔ ሲባጎዬን አምናለሁ። ሣጥንህን አንተው ካላመንከው ማን ይመንልህ?»

አቶ ተፈራ፣ ኢንጂነሩ ካለ አለቀ፣ ብለው ነገሩን ዘጉት። ጋሼ ወደ ሲባጎው ዞሩ። ሊሟገቱ ነው ብዬ ነበር። የተማረ ሰው ቃል ይከብዳቸው ነበር መሰለኝ፤ ወይም ወደዱኝና ነው፤ አላውቅም። እርሳሷን አውርደው አግዳሚው ጎን ላይ፣ «በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጣት ወረደ። አልቆመም። ሸዋንግዛው» ብለው ጻፉና እርሳሷን ሰጡኝ። እኔም ከሥሩ፣ «ችግር የለውም። ይሰቀል። ኢንጂነር ደረጀ» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዬን ደግሞ አሳምሬ አስረዘምኩት። አራተኛው ትራስ ወጣ፤ የቀሩት ሁለቱም ተከተሉት።

ጽሑፌ ተመሰገነ። የአራተኛው ትራስ የሦስተኛ ቀን ቁጥር ግን ውስጡ የለም፤ በአየር ጠባይ ምክንያት አልተካተተም የሚል አንድ መስመር አለ። የጋሼ ስምም የለም። «አንድ የአካባቢው አናጢ» ይላል።

አዳራሹ ተመርቆ ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ጋሼ ሸዋንግዛው በየእሑዱ የሚቀመጡት አራተኛው ትራስ ሥር ነበር። ፊት ለፊት ቦታ ሲሰጣቸው እንኳ እምቢ ይላሉ። ሰው የሽማግሌ ግትርነት አድርጎት አለፈው። እኔ ግን አንድ ቀን ጎራ ብዬ አንገታቸውን አቅንተው ሲያዩት አየኋቸው፤ ገባኝ፤ ሰላም ብያቸው ወጣሁ።

በዓመቱ፣ በበልግ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አዳራሽ ገብቶ ሳለ በረዶ ወረደ። የመንዝ በረዶ እንዴት እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግርም። ጣሪያው ብዙ ሾጣጣ ስላልሆነ በረዶው ሳይንሸራተት ስንዝር ያህል ተከመረበት። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የነገሩኝን ነው የምናገረው። እንጨቱ ሲንቋቋ ገና ማንም ሳይሰማው ጋሼ ሰምተውት ብድግ አሉ። ውጡ እያሉ በበትራቸው አግዳሚ ወንበሮቹን እየመቱ ሰዉን ወደ በሩ ነዱት። እማማ ብርቄ በረዶ ላይ አልወጣም ቢሉ ገፍተው አስወጧቸው፤ ደጃፉ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ያ ሰያፍ ከጉልበቱ ተነቅሎ አራተኛው ትራስ ተንበረከከ፣ ቆርቆሮውም ተከትሎት ወረደ። ሰው አልሞተም። ሰው ያልሞተው በማን ምክንያት እንደሆነ ግን ያን ሰሞን ያነሣ አልነበረም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

በማግስቱ ወሬውን ሰምቼ ስሮጥ ደረስኩ። ምን ፍለጋ እንደሮጥኩ ልንገራችሁ፤ የተጎዳ ሰው ልጠይቅ አይደለም። ጽሑፉ ያለበትን እንጨት ፍለጋ ነው። የተሰባበረው ትራስ ወርዶ ሜዳው ላይ ተከምሯል። አግዳሚውን አገኘሁት፤ መካከሉ ግን የለም። ሁለት ጫፉ ብቻ ቀርቷል፤ በመጋዝ ጥርት ተደርጎ ተቆርጧል። ለማገዶ ወስደውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተመስገን አልኩ።

ኮሚቴው ከደጁ ካለው ጽድ ሥር ተቀመጠ። አቶ ተፈራ አስቀድመው እኔን ጠየቁኝ። ያን ውርጫማ ጠዋት አብረን ነበርን፤ ዓይናችን ሲገጣጠም ሁለታችንም ወደ መሬት አየን። እኔ ተነሥቼ ስሌቱ ትክክል ነው፣ የእንጨቱ ነገር ግን አናጢውን ይመለከታል አልኩ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ለየብቻው እውነት ነው። ተደምረው ውሸት ሆኑ። ከዚያ ጋሼ ሸዋንግዛውን ምን ይላሉ አሏቸው። አሁን ያጋልጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሲባጎው ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ሰምቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሰዉ ጥፋታቸውን አመኑ ብሎ ተነሣ። እሳቸው ያመኑት ግን እኔን ማመናቸውን ነበር። ያን ያወቅነው ሁለታችንና አቶ ተፈራ ብቻ ነን።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሥራልኝ ያላቸው ሰው የለም። «ጣሪያ ጣዩ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሞፈር ያቃናሉ፣ የበር መቃን ይጠግናሉ፤ ቀፎም ይሠሩ ነበር አሉ። እኔ ደብረ ብርሃን የተሻለ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። አልፎ አልፎ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ደህና ነህ ወይ ኢንጂነሬ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙና ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። አንድም ቀን ያን ነገር አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሁልጊዜ ዛሬ እናገራለሁ ብዬ እጀምርና አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ እለያቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ኖረ።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ወደ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ደጃፉ አጠገብ ጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጉልኝና ተቀመጥኩ። ሰው ሲገባ ወንበሩን ሳብ ላድርገው ብዬ እጄን ከሥሩ ሰደድኩ። ጣቴ አንድ ነገር ነካ። ስስ፣ ለስላሳ፣ ዙሪያው በደረቀ ሙጫ የሻከረ፣ ቁራጭ ሽቦ የቀረበት። ዓይኔ ሳያየው ጣቴ አወቀው። ከአራተኛው ትራስ አግዳሚ መካከል ላይ የለጠፍኩት የራሴ ቴምብር ነው።

ሰዉ እስኪቀልል እዚያው ተቀመጥኩ። ከቀትር በኋላ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ወንበሩን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት።

«ነካኸው አይደል?» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ጣሪያው በወደቀ ዕለት፣ ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት፣ ጋሼ መጋዛቸውን ይዘው ሄደው ጽሑፉ ያለበትን ሁለት ክንድ ተኩል እንጨት ቆርጠው በትከሻቸው ይዘው መጡ። እትዬ አስካለ መልካም፣ ማስረጃህን አመጣህ ሲሏቸው፣ ማስረጃዬን አይደለም አሏቸው። እግር ገጠሙለትና ጽሑፉን ወደ ታች አድርገው ደጃፉ ላይ አቆሙት። በመላጊያ ላጠው ቢሏቸውም እውነት አይላጥም ብለው እምቢ አሉ። ያ ልጅ፣ ኢንጂነሬ፣ ገና ወጣት ነው፣ በስሙ ሊኖርበት ነው፣ እኔ ጨርሻለሁ፣ አሉ። ለማንም እንዳይናገሩም በእመቤታችን ስም ገዘቷቸው።

እሳቸውን ነፃ የሚያወጣው አንድ እንጨት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራቸው ላይ ነበር፤ ስማቸውን ያጠፉት ሰዎች እየመጡ ይቀመጡበት ነበር። አለቀስኩ። ለእሳቸው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ለራሴ ነበር።

«እሱ ይቅር ብሎሃል» አሉኝ እትዬ አስካለ። «እኔ ገና ነኝ። ባሌ ገበያ ሲሄድ ልጆች ጣሪያ ጣዩ መጣ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ልናገር፣ ለሰዉ ሁሉ ልናገር አልኳቸው። ለማን ብለህ፣ እሱ እንደሆነ አይሰማህ አሉኝ። ቀጥለው ግን፣ አርባው በተጠገነው አዳራሽ ነው፤ ወንበሩን ራስህ ተሸክመህ ታመጣለህ፤ ራስህ ታነባለህ፤ ለቄሱ አትሰጥም፣ አሉኝ።

በአርባኛው ቀን ተሸክሜ አመጣሁት። መንገዱ አጭር ነው፤ ትከሻዬ ግን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ተዝካሩ ተበልቶ ሲያበቃ ተነሣሁና ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። የእሳቸውን መስመር አነበብኩ። ከዚያ የእኔን። ስጨርስ እትዬ አስካለን አየሁ፤ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ቀጠልኩ። ያልተጫነው እንጨት ላይ የነበረችውን መለኪያ ነገርኳቸው። ከብርዱ እንዳልሆነ ያን ጠዋት አውቅ ነበር አልኩ። ከዚያ ጽድ ሥር የተናገርኩትንም አነሣሁ። አቶ ተፈራ ትሪያቸውን እያዩ ቀሩ። ሌላው ሰው አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተከተለው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

እማማ ብርቄ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ያ ክንዳቸው ተጣሞ ነው የገጠመው።

«በበረደ ቁጥር እሱን ነበር የምረግመው» አሉኝ። «ዘጠኝ ዓመት። አሁን የት ሄጄ ልመልሰው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እማማ ብርቄ መልስ ጠብቀው ጠብቀው ተቀመጡ።

እትዬ አስካለ መቀመጫዬን መልስልኝ አሉኝ። ተሸክሜ ወደ ቤታቸው መለስኩት። ደጃፉ ላይ እንደ ነበረው፣ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጌ ሳስቀምጠው እጄን ያዙኝና አይሆንም፣ ገልብጠው አሉ። እግሩን ነቅዬ በሌላው በኩል ገጠምኩት። ጽሑፉ ወደ ላይ ሆነ። እሳቸው ዳሩ ላይ ተቀመጡ፤ መሐሉን ክፍት ተዉት።

አሁን በወር አንዴ እሄዳለሁ። ባለፈው ስሄድ እትዬ አስካለ ጓሮ ነበሩ፤ ከራቤል ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ የማላውቀው ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እንጨቱን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ታሪኩን ከዘመዶቹ ሰምቶት ኖሮ፣ አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለና፣ «ይህን ሽማግሌ የጣለው ደረጀ የሚሉት ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።